የድምፅን ምዕራፍ በትዝታና በአምባሰል ቅኝት እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለወሎ ልጅ ጆሮ እንግዳ አይደሉም፤ ባቲና አምባሰልማ የአገሩም ስም ናቸው። ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ክፍሉን ለማነቃቃት ብቻ ዘፈን ከፍቶ መዝጋት ግን ብዙ አይጠቅምም፤ ትምህርቱ የሚገባው ተማሪው የሚሰማውን ድምፅ ራሱ በማስመሪያ ሲለካው ነው። ለዚህ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ይበቃል።

ለአንድ ቡድን የሚያስፈልጉት፦ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን (ሐይቅ አካባቢ በቀላሉ ይገኛል) 1.5 ሜትር፣ አንድ ሚስማር፣ 3 እርሳስ፣ ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ማስመሪያና ባዶ የእንጨት ሳጥን።

1. ሚስማሩን ከጣውላው አንድ ጫፍ ላይ ምቱና ናይለኑን እሰሩበት። ሌላኛውን የናይለን ጫፍ ከጠርሙሱ አንገት ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ።

2. ሁለት እርሳሶችን በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከክሩ ሥር አጋድሙ። የክራር ብርኩማ (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ።

3. ጣውላውን ከሳጥኑ ላይ፣ ሳጥኑንም ከዴስኩ ጠርዝ ላይ አድርጉ። ጠርሙሱ ውኃ ተሞልቶ በነፃ ይንጠልጠል። ከነውኃው 2 ኪሎ እንዲሆን በሱቅ ሚዛን አስመዝኑት።

4. ሦስተኛው እርሳስ ተንቀሳቃሽ ነው። ከሌሎቹ በትንሹ ከፍ እንዲል ወረቀት ጠቅልሉበት። ዝቅ ካለ ክሩ በደንብ አይነካውም፣ ድምፁም ይነዝራል።

አሁን ከሚስማሩ በኩል ካለው እርሳስ ጀምራችሁ እየለካችሁ ጣውላው ላይ ምልክት አድርጉ። ለሙሉ ትዝታ 60፣ 53.3፣ 48፣ 40፣ 36 እና 30 ሳንቲ ሜትር፤ ለአምባሰል ደግሞ 60፣ 56.3፣ 45፣ 40፣ 37.5 እና 30። ተንቀሳቃሹን እርሳስ በየምልክቱ እያሳረፋችሁ በሚስማሩ በኩል ያለውን ክር ምቱ፤ የቀረውን ክር ጓደኛ በጣቱ ይያዘው። 60፣ 40 እና 30 ለሁለቱም የጋራ ናቸው። ትዝታን አምባሰል የሚያደርጉት የቀሩት ሦስቱ ናቸው፤ ይህን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢደርሱበት ይመረጣል።

30 ላይ ከመምታታችሁ በፊት ግምታቸውን ደብተራቸው ላይ ያስፍሩ። የክሩ ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ ድግግሞሹ (ክሩ በአንድ ሰከንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት) እጥፍ ይሆናል፤ የሚሰማው ያው ድምፅ ነው፣ ግን ቀጥኖ።

ቀጥሎ ክብደቱ ይመጣል። ብዙዎቹ «ክብደቱ 4 እጥፍ ከሆነ ድግግሞሹም 4 እጥፍ ይሆናል» ይላሉ። መልሱ 2 እጥፍ ነው። ማረጋገጫው ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ነው፦ አንዱ 2 ኪሎ አንጠልጥሎ በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው ግማሽ ኪሎ አንጠልጥሎ በ30 ሳንቲ ሜትር። ሁለቱ አንድ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ክፍሉ ጸጥ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ አትቸኩሉ፣ ደጋግመው ይምቱት።

ካልገጠመ መጀመሪያ ሚዛኑን ፈትሹ፤ ውኃው ብቻ ተቆጥሮ የጠርሙሱ ክብደት ከተዘነጋ ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል። ሁለተኛው ምክንያት ሰበቃ ነው፦ ክሩ ከጣውላው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ የጠርሙሱን ክብደት በሙሉ አያስተላልፍም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ሳሙና ቀቡት፣ ጠርሙሱንም ትንሽ አንስታችሁ ልቀቁት። ጠርሙሱ እየተወዛወዘ ከተመታ ድምፁ ይዋልላል፤ እስኪረጋ ጠብቁ።

ሳጥኑን አውጥታችሁ ጣውላውን በእጅ ይዛችሁ ምቱ፤ ድምፁ ይመነምናል። ክር ብቻውን የሚያንቀሳቅሰው አየር ጥቂት ነው። የማሲንቆ ሳጥን ቆዳ የሚለበሰው ለዚህ ነው። ማሲንቆ የሚጫወት ተማሪ ወይም የአካባቢ ሰው ካለ ይምጣና ጣቱ ክሩን ሲነካ የሚንቀጠቀጠው ርዝመት እንዴት እንደሚያጥር ያሳይ።

ቤታቸው ዘፈን የማይወደድ ተማሪዎች ካሉ ከበሮ ተጠቀሙ፤ ለመንዙማም ለመዝሙርም ስለሚመታ ማንም አይከፋበትም። ቆዳው ላይ ጥቂት ጤፍ በትኑና ጠርዙን በቀስታ ምቱ፤ ንዝረቱ በዓይን ይታያል።

ለቤት ሥራ የብርጭቆ ጠርሙስ ስጧቸው። ውኃ ሲጨመርበት አፉ ላይ ቢነፋ ድምፁ ይቀጥናል፣ በማንኪያ ቢመታ ግን ይወፍራል። በአንዱ የሚንዘረው አየሩ ነው፣ በሌላው ጠርሙሱ ከነውኃው። ይህን ሳትነግሯቸው ለምን እንደሆነ ጽፈው ይምጡ።