የሬዲዮ መቀበያችንን ከጎረቤት አንቴና እንዴት እናድን?

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ኮንዶሚኒየም ላይ አማተር ራዲዮ (ለትርፍ ጊዜ የሚሰራ የሬዲዮ ግንኙነት) የሚሞክር ሰው አንቴና ለማራራቅ ቦታ የለውም። የማሰራጫውም የመቀበያውም አንቴና አንድ ጣራ ላይ ይተፋፈጋሉ። ማሰራጫው 100 ዋት ሲለቅ አንድ መቶኛው ብቻ ወደ መቀበያው ቢገባ 1 ዋት ነው። በ50 ኦም ገመድ ላይ የሞገዱ ጫፍ 10 ቮልት ይደርሳል። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ኤስዲአር (በኮምፒውተር የምትሰራ መቀበያ) ግን የምትችለው 10 ሚሊዋት ገደማ ነው። ሁልጊዜ ወዲያው አትሞትም። ጆሮዋ እየደነዘዘ ይሄዳል፣ ባለቤቷም «ሰሞኑን ሞገዱ ደክሟል» እያለ ይከርማል።

ምንም ከመበየዳችሁ በፊት ለኩ። መቀበያውን ንቀሉና ገመዱ ጫፍ ላይ 50 ኦም አድርጉ፤ ሁለት 100 ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን ይበቃል። ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ከመሃል ሽቦው ወደ 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ የካፓሲተሩን ሌላ እግር ወደ ግራውንድ (የገመዱ ውጪኛ መረብ) አድርጋችሁ ካፓሲተሩ ላይ በቴስተር ዲሲ ቮልት አንብቡ። ማሰራጫው 5 ዋት ላይ ይሁን። በተነበበው ላይ ዳዮዱ የሚበላውን 0.6 ደምሩና በ4.5 አባዙ። 100 ዋት ላይ የሚጠብቃችሁ ያ ነው። ቴስተሩ ዜሮ ቢል ቶሎ ደስ አይበላችሁ፣ ከ0.6 በታች ያለውን ዳዮዱ አያሳይም።

ቁጥሩ ከበዛ አንዱን አንቴና አቁሙ፣ ሌላውን አጋድሙ። ወጪ የለውም።

ቀጥሎ ዳዮዱ። ሁለት 1ኤን4148 በተቃራኒ አቅጣጫ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከመሃል ሽቦው ወደ ግራውንድ በይዱ። 0.7 ቮልት አካባቢ ስለሚከፈቱ የሚያልፈው 5 ሚሊዋት ገደማ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ገጠር ላለ ያዋጣ ይሆናል፣ አዲስ አበባ መሃል ግን ጣጣው ገና መጀመሩ ነው።

ከተማው በኤፍኤም የተሞላ ነው። ጠንካራ ሲግናል ዳዮዱን ትንሽ ገርበብ ካደረገው፣ ዳዮዱ ራሱ ጣቢያዎቹን ያደባልቃል። 98.1ን ከ105.3 ቀንሱ፦ 7.2 ሜጋኸርዝ፣ አማተሮች የሚጠቀሙበት የ40 ሜትር ባንድ ጫፍ። ኤፍኤም ደግሞ ባለበት አይቆምም፣ እያንዳንዱ ግራና ቀኝ እስከ 75 ኪሎኸርዝ ይወዛወዛል። ስለዚህ ድብልቁ እስከ 7.05 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ሩቅ ጣቢያ ስትፈልጉ የተንጫጫ ሙዚቃና ወሬ ይገጥማችኋል። ማሰራጫውን አጥፍታችሁ ዳዮዶቹን ለጊዜው ንቀሉ፤ ጫጫታው ከጠፋ ጥፋተኞቹ እነሱ ናቸው።

አንዳንዱ በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ዳዮድ ይቀጥላል። ጫጫታው ይቀንሳል፣ ግን 20 ሚሊዋት ያሳልፋል፣ ለትንሿ ኤስዲአር ብዙ ነው። እኔ 30 ሜጋኸርዝ ላይ የሚቆርጥ ሎውፓስ ፊልተር (ከዚያ በታች ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ከዳዮዱ በፊት አስገባለሁ። ከኋላ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው፤ 7 ሜጋኸርዝ ላይ የተወለደውን ድብልቅ ፊልተሩ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

በፊልተሩና በዳዮዱ መሃል ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል በተከታታይ ይግባ። ሲግል ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ዳዮዱን ከመቃጠል ያድናል። ባለ ክር ይሁን፣ ኤልኢዲ አይሆንም። ሁሉንም ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ክተቱ፣ የዳዮዱ እግር አጭር ይሁን።

ማሰራጫው የራሳችሁ ከሆነ፣ ለማውራት ስትጫኑ መቀበያውን ቆርጦ መግቢያውን ከግራውንድ የሚያገናኝ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚዞር ማብሪያ) ጨምሩ። ዳዮዱን ግን አታውጡ፤ ሪሌው እስኪዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈጃል።

ለመብረቅ የሚሸጠው ባለ 90 ቮልት የጋዝ ቱቦ እዚህ አይረዳም። እሱ እስኪነቃ መቀበያው አልቋል። በክረምት ሲያጉረመርም ገመዱን መንቀል ነው።

መቀበያውን ከመመለሳችሁ በፊት ያንኑ መለኪያ ከሳጥኑ መውጫ ላይ አድርጉና ከ5 ወደ 20፣ ከዚያ ወደ 100 ዋት ውጡ። ቴስተሩ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ አንዱ ዳዮድ አልተበየደም ማለት ነው፣ ወይም እግሩ ረዝሟል።