አሸዋና የቡና ገለባ አብረው ሲፈሉ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የቡና ገለባ እንደ ጉድ ነው፤ በየመፈልፈያው ጓሮ ተቆልሎ ታዩታላችሁ። ይህን ገለባ በፍሉዳይዝድ ቤድ (አየር ከታች እየተነፋበት እንደ ፈሳሽ በሚፈላ የአሸዋ ንጣፍ) ለማቃጠል ወይም ወደ ጋዝ ለመቀየር የሚነሳ የምህንድስና ተማሪ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቱቦ ውስጥ ያለ አሸዋ ከታች አየር ሲነፋበት ይላላል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ገለባ ብቻውን እሺ አይልም። ይቆላለፍና አየሩ ቀዳዳ አበጅቶ ያመልጣል። ከአሸዋ ጋር የሚቀላቀለው ለዚህ ነው። ጣጣውም ከቅልቅሉ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ስህተት የሁለቱን አማካይ መጠንና እፍጋት ወስዶ "መፍላት የሚጀምረው በዚህ የአየር ፍጥነት ነው" ብሎ መደምደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የኤርገን ቀመር (አየር በቅንጣቶች መሃል ሲያልፍ የሚያጣውን ግፊት የሚያሰላው) ለአንድ ዓይነት ቅንጣት ጥሩ መነሻ ነው። ቅልቅል ግን አንድ መነሻ የለውም። አየሩን ቀስ እያላችሁ ስትከፍቱ አንዱ ይነቃነቃል፣ ሌላው ገና ተኝቷል። ሁሉም የሚፈላው ቆይቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ፍጥነት መዝግቡ።

በሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ ስትሞክሩት ነገሩ ቁልጭ ይላል። አየሩ ትንሽ ሲሆን ገለባው ወደ ላይ ይወጣል፣ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ልክ እህል ሰፌድ ላይ ሲበጠር። አየሩ ሲጨምር አረፋዎቹ መልሰው ያማስሉታል። ሌላው ስህተት እዚህ ጋ ነው፤ አየሩን ድንገት ዘግቶ "በደንብ ተቀላቅሏል" ማለት። ድንገት ስትዘጉት እንደተማሰለ ይቀራል። ቀስ ብላችሁ ስትዘጉት ይለያያል። ቀጥሎ አየሩን ስትከፍቱ ሁለቱ የተለያየ ንባብ ይሰጣሉ። እንዴት እንደዘጋችሁ ካልጻፋችሁ ሙከራችሁን ማንም መድገም አይችልም።

የግፊት ንባብን ሳያመሳክሩ ማለፍም አለ። ሁሉም ሲፈላ ከቅልቅሉ በታችና በላይ ያለው የግፊት ልዩነት የቅልቅሉን ክብደት ይሸከማል። ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ቱቦ 1 ኪሎ ከያዘ የውሃ ማኖሜትሩ (የግፊት ልዩነቱን በውሃ ከፍታ የሚያሳየው ቱቦ) 13 ሳንቲሜትር ገደማ ማሳየት አለበት። 9 ካሳየ ወይ የተኛ ክፍል አለ፣ ወይ አየሩ በአንድ በኩል ሾልኳል።

ከፍታውን ስትለኩ ደግሞ ከፍ ያለበትን ቅጽበት ብቻ አትያዙ። አረፋ ሲደርስ የላይኛው ገጽ ያብጣል፣ ሲፈነዳ ይወርዳል። በስልክ ቅረጹት፣ አማካዩን አውጡ፣ የመዋዠቁንም ስፋት አብራችሁ ጻፉ። መዋዠቁ የአረፋዎቹን መጠን ይነግራችኋልና እንደ እንከን አትጣሉት። በጠባብ ቱቦ ግን አረፋው ቱቦውን ሞልቶ አሸዋውን እንደ ፒስተን ይገፋዋል። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ትልቅ ምድጃ እንዳትነድፉ።

በመጨረሻ፣ ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ደቃቅ አሸዋ ላይ ይህ ብዙም ለውጥ አያመጣም። እንደ ቡና ፍሬ ላሉ ትልልቅ ቅንጣቶች ግን የሚያስፈልገው ፍጥነት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሮታሜትሩም (የአየር ፍሰት መለኪያው) በሌላ ከፍታ የተስተካከለ ከሆነ ንባቡን አርሙት።