የሆፕ ዝርያዎችን በአንድ ጥንስስ ማወዳደር

ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት ለቢራ የሚሰጠው ሆፕ የተባለ ሐረግ ነው፤ ጠማቂ የሚፈልገውም የሴቴዋን ተክል አበባ ነው። ከሆፕ ዝርያዎች የቼኩ ሳዝ የሣርና የቅመም፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ከአሜሪካ ኦሪገን የወጣው ካስኬድ የግሬፕፍሩት፣ ሲትራ ደግሞ የማንጎና የሎሚ ሽታ አለው ይባላል። የማሸጊያ ጽሑፍ ሁሉንም ስለሚያሞግስ በራስ አፍንጫ መለየት ይሻላል።

ሦስቱን እኩል መዝኖ አፍልቶ መቅመስ ግን አያዋጣም። ሲፈላ ምሬት የሚሆነው አልፋ አሲድ በሳዝ ውስጥ ከ3 እስከ 4.5 በመቶ፣ በሲትራ ከ11 እስከ 13 በመቶ ነው። የሲትራው ቢራ በሦስት እጥፍ ገደማ ይመራል፤ በምሬት የተያዘ ምላስ ደግሞ ስለ መዓዛ አይፈርድም። መፍትሔው ምሬቱን ከሌላ ሆፕ፣ ለሁሉም በአንድ ድስት መስጠት ነው።

400 ግራም የደረቀ የብቅል ጭማቂ ዱቄት በ5 ሊትር ውሃ በጥብጠው ያፍሉ። 12 በመቶ ገደማ አልፋ አሲድ ያለው ማግነም የተባለ ሆፕ 3 ግራም ጨምረው ለ60 ደቂቃ ያንተክትኩት፤ ወደ 4 ሊትር ይወርዳል። ቶሎ አቀዝቅዘው እርሾ ይጨምሩ። ከዚህ በኋላ የሚነካው ዕቃ ሁሉ በጀርም ማጥፊያ የታጠበ ይሁን።

መብላላቱ ፈጽሞ ሲያበቃ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሳያንቦጫርቁ በሦስት ማሰሮዎች አንድ አንድ ሊትር ይቅዱ፤ አየር የሆፕን መዓዛ ያበላሻል። በእያንዳንዱ አንድ ዝርያ፣ 5 ግራም ይጨምሩ። እሳት ስለማይነካው መዓዛው አይተንም፣ ምሬቱም ብዙ አይለወጥም። ጋዝ እንዲወጣ ክዳኑን አላልተው ለሦስት ቀን ጨለማ ቦታ ያቆዩና አጥልለው ያቀዝቅዙ። ብርሃን ካገኘው ሆፕ የገባበት ቢራ ይገማል።

ቅምሻው ላይ ስም አይጻፍ። ለቀማሹ ሦስት ብርጭቆ ያቅርቡ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን ያግኝ። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ሊሳካለት ስለሚችል ቦታቸውን እየቀያየሩ ይድገሙት። ልዩነቱን ማግኘት ያልቻለ ሰው ስለ ማንጎና ስለ ሎሚ የሚናገረውን ብዙ አልሰማውም። ያገኘው ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ሳይነጋገር የሸተተውን ይጻፍ፤ አንዱ ጮክ ብሎ «ሎሚ» ካለ ሁሉም ሎሚ ይሸታቸዋል።

የተረፈውን ሆፕ አየር በማያስገባ ከረጢት አሽገው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሲያረጅ አይብ አይብ ይላል። ቤት ውስጥ ውሻ ካለ አተላውን ግቢ ውስጥ አይድፉ፤ ሆፕ ውሻ ሊገድል የሚችል መርዝ ነው።