«ስክሬፕ ስሩ» በሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ስክሬፕ ስሩ» (scrape through) ማለት እንደምንም ብሎ ማለፍ ነው። «ስክሬፕ» ብቻውን መፋቅ ስለሆነ፣ አላፊው በጠባብ በር ጎኑ እየተፋቀ የገባ ያህል ነው። የሚያሳስተን ግን የራሳችን «ለጥቂት» ነው።

አማርኛ «ለጥቂት አለፈ» እንደሚል ሁሉ «ለጥቂት ወደቀ»ም ይላል፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ ልዩነቱ ማነስ እንጂ ስለ ውጤቱ አይደለምና። እንግሊዝኛው ግስ ግን ውጤቱንም አብሮ ይዟል፤ የማለፊያ ነጥቡ 50 በሆነ ፈተና 51 ያመጣ ልጅ «ስክሬፕት ስሩ» ሲባል፣ 49 ያመጣው፣ የጎደለው አንድ ነጥብ ብቻ ቢሆንም፣ አይባልም። አንድ ተማሪዬ «ለጥቂት አመለጠኝ» ለማለት በዚሁ ግስ ጽፎልኝ፣ አልፏል ብዬ «እንኳን ደስ አለህ» ብዬዋለሁ።

በጽሑፍ ደግሞ «ፒ» የምትባለው ፊደል ታስቸግራለች። የኃላፊ ጊዜው «ስክሬፕት» (scraped) አንዲት «ፒ» ብቻ አለው፤ ሁለት ከሆኑ (scrapped) ቃሉ «ስክራፕት» ተብሎ ይነበባል፣ ትርጉሙም ተሰረዘ፣ ተጣለ ይሆናል። በጭንቅ የጸደቀ ዕቅድ በአንዲት ፊደል ይሰረዛል ማለት ነው።

ሦስተኛው የቃላት ቅደም ተከተል ነው። አስቸጋሪን ነገር ማሳካት ማለት በሆነው «ፑል ኦፍ» (pull off) በሚለው ግስ ተውላጠ ስሙ («ኢት») መሀል ገብቶ «ፑልድ ኢት ኦፍ» ስለሚባል፣ ብዙዎች እዚህም መሀል ያስገቡታል። ትክክለኛው «ስክሬፕት ስሩ ኢት» ነው፤ ምን እንደታለፈ ግልጽ ከሆነ ግን ያለ ተሳቢ መተው ይበልጥ የተለመደ ነው።

ግሱን ለፈተና ብቻ የተሠራ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በዌልስ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ፣ የራሷ ምክር ቤት ይቋቋምላት የሚለው ሐሳብ ያሸነፈው በ50.3 ከመቶ ድምፅ ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ድልም ግሱ ልክ ይሆናል። ከእጅ ወደ አፍ ለሆነ ኑሮ ግን አይሆንም፤ ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው የሚኖረውን ኑሮ የሚገልጸው «ስክሬፕ ባይ» ነው።

የመጨረሻው ከሰዋስው ይልቅ የይሉኝታ ጉዳይ ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው ትሕትና ይመስላል፤ ስለ ሌላው ሲነገር ግን ያሳንሳል። ለተመረቀች ጓደኛ በዚህ ግስ የምሥራች መልእክት መላክ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ለትንሽ ነው ከመውደቅ የተረፍሽው» እንደማለት ነው።