ከሞላሰስ ፕላስቲክ፦ ፒኤችቢን በባክቴሪያ እንዴት ማምረት ይቻላል?

ፒኤችቢ (ፖሊሃይድሮክሲቢዩቲሬት) አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ፕላስቲክ ነው። ባክቴሪያዎች ስኳር ተርፏቸው ናይትሮጂን ሲያጥራቸው ለክፉ ቀን የሚያኖሩት ስንቅ ነው። ለጀማሪ ባሲለስ ሜጋቴሪየምን ይምረጡ። ፈረንሳዊው ሞሪስ ሌሟኝ በ1926 እ.ኤ.አ. ፒኤችቢን ያገኘው በዚህ ባክቴሪያ ውስጥ ነው። በዘርፉ ታዋቂ የሆነው ሌላው ባክቴሪያ ኩፕሪያቪደስ ኔካተር የሞላሰሱን (ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈውን ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ) ሱክሮስ፣ ማለትም ተራ ስኳር፣ በቀጥታ አይመገብም፤ ይሄኛው ይመገባል።

ለ1 ሊትር፦ ሞላሰስ 20 ግራም፣ አሞኒየም ሰልፌት 1 ግራም፣ ዳይሶዲየም ፎስፌት 3.6 ግራም፣ ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 1.5 ግራም፣ ማግኒዚየም ሰልፌት 0.2 ግራም። ሞላሰሱን በውሃ አቅጥነው ያጥልሉ፤ ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) 7 ያድርጉ። ሞላሰሱን፣ ጨዎቹንና ማግኒዚየሙን ለየብቻ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ኦቶክሌቭ አድርገው (በግፊት እንፋሎት አምክነው) ሲቀዘቅዙ ይቀላቅሉ፤ አብረው ከገቡ ስኳሩ ይጠቁራል፣ ማግኒዚየሙም ከፎስፌቱ ጋር ይዘቅጣል። አሞኒየም ሰልፌቱን አያብዙ፤ ናይትሮጂን የጠገበ ባክቴሪያ ይራባል እንጂ አያከማችም።

በ250 ሚሊሊትር ፍላስክ ከ50 ሚሊሊትር በላይ አይጨምሩ፣ አየር ያጥረዋል። ከዚያ 5 በመቶ እርሾ (አስቀድሞ ያደገ የዚሁ ባክቴሪያ ፈሳሽ) ጨምሮ በ30 ዲግሪ፣ በደቂቃ 200 ዙር ማሽከርከር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመሰብሰቢያው ሰዓት ላይ ነው። ይህ ባክቴሪያ ምግብ ሲያልቅበት ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ እንቅልፋም ሕዋስ) ይሠራል፤ ስፖር ሲሠራ ደግሞ ያጠራቀመውን ፒኤችቢ መልሶ ይበላዋል። አንድ ሌሊት ማሳለፍ ምርቱን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ከ18ኛው ሰዓት ጀምሮ በየ4 ሰዓቱ ናሙና ይዩ። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያበራ ነጥብ ሁሉ ፒኤችቢ አይደለም፤ ስፖርም ያበራል። ናሙናውን በ0.3 በመቶ ሱዳን ብላክ ለ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎም በሳፍራኒን ለ10 ሰከንድ ያቅልሙ። በሮዝ ሕዋስ ውስጥ የሚታየው ሰማያዊ ጥቁር እንክብል ፒኤችቢ ነው፤ ስፖር ቀለሙን አይቀበልም። ስፖር ብቅ ማለት ሲጀምር ሳይውል ሳያድር ይሰብስቡ።

ሕዋሱን በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ በሚያዘቅጥ መሣሪያ) ለይተው ይጠቡ። ከዚያ 5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ጨምረው በ37 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ያቆዩት። የሱቅ በረኪና ይሠራል፤ ሽታና ሳሙና የተጨመረበትን ግን ይተዉ። ከሰዓቱ ካለፈ የፕላስቲኩ ሰንሰለት ይበጣጠሳል። ቀጥሎ በውሃ ደጋግመው ይጠቡ፤ በረኪናው ሳይወጣ አሴቶን ከነካው ክሎሮፎርም ይፈጠራል። በአሴቶን፣ ከዚያም በአልኮል አጥበው ያድርቁ።

ዱቄቱን በ60 ዲግሪ ክሎሮፎርም አሟምተው፣ አጣርተው በመስታወት ሳህን ላይ ያፍስሱ፤ ክሎሮፎርም የፕላስቲክ ሳህንን ያሟሟል። ይህ ሁሉ የግድ በጭስ መምጠጫ ስር ይሠራ፤ ትነቱ ጉበትን ይጎዳል። የሚደርቀው ስስ ሽፋን ተሰባሪ ነው። በሙቀት መቅረጽ ከፈለጉ 175 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መፍረስ ስለሚጀምር እሳቱ ላይ አያቆዩት።