ትንሹ ኮምፒውተር ሲሞቅና ሲጮኽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

በአዲስ አበባ ገበያ ያገለገሉ ሆነው የሚሸጡት የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ እና የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ኮምፒውተሮች ይዘታቸው ከአንድ ሊትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው በአንዲት ቀጭን ፋንና በተደረደሩ የብረት ክንፎች (ሂት ሲንክ) ነው። በትልቅ ኬዝ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ የሚቆይ የአቧራ ክምችት በእነዚህ ላይ ቶሎ የሚሰማውም ስለዚህ ነው። በተጨማሪም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ጉዳቱን በከፊል ቢያካክስም ማሽኑ የሚቀረው ትርፍ አቅም ጥቂት ነው።

ድምፅ ብቻውን መንስኤውን አይናገርም። ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት እንደ ኮር ቴምፕ ባለ ነፃ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ሙቀት ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ከ35 እስከ 50፣ ከባድ ሥራ ሲሠራ ደግሞ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያሳይ ለዚህ ዓይነት ማሽን ጤናማ ነው ሊባል ይችላል። አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ተጠቃሚው “ኮምፒውተሬ አረጀ” የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

ፋኑ ይጮኻል፣ ሙቀቱ ግን ዝቅተኛ ነው

ይህ የአቧራ ችግር አይደለም። በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት በሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ የፋኑ ፍጥነት ከፍ ተደርጎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ፋኑ ተቀይሮ ከነበረም ባለአራት ሽቦው ቀርቶ ባለሦስት ሽቦ ፋን ተገጥሞ የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ ፍጥነቱን መቆጣጠር አቅቶት ሊሆን ይችላል። የባዮሱን ምርጫ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ መመለስ፣ ካልተለወጠም ለሞዴሉ የተሠራውን ፋን መግጠም መፍትሔው ነው።

ፋኑም ይጮኻል፣ ሙቀቱም ከፍ ብሏል

አስቀድሞ በዊንዶውስ ውስጥ እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቶ ፕሮሰሰሩ በምን እንደተጠመደ ማየት ይገባል። አንድ ፕሮግራም ወይም የዊንዶውስ ማሻሻያ ፕሮሰሰሩን ይዞት ከሆነ ፋኑ ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ኮምፒውተሩን መክፈት አያስፈልግም። አጠቃቀሙ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሙቀቱ ከ70 በላይ ከቆመ ግን ችግሩ ከማቀዝቀዣው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው ምርመራ የሙቀቱን አጨማመር መመልከት ነው። ከባድ ሥራ ሲሰጠው ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ከጨመረ፣ በመውጫው ቀዳዳ በኩል የሚወጣውም አየር ጥቂትና ትኩስ ከሆነ፣ የአየሩ መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። በሁለት ሦስት ሴኮንድ ወደ 90 ዘልሎ፣ ሥራው ሲቆም ያንኑ ያህል በፍጥነት ከወረደና የሚወጣው አየር ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ብረቱ አልተላለፈም፤ በመካከል ያለው ቅባት (ቴርማል ፔስት) ደርቋል ወይም የሂት ሲንኩ ብሎኖች በትክክል አልጠበቁም።

ለመጀመሪያው መፍትሔው ጽዳት ነው። ገመዱን ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን ለአሥር ሴኮንድ ያህል መጫን፣ ከዚያም ቀለም ያልተቀባ ብረት በመንካት የሰውነትን ኤሌክትሪክ ማስወገድ ይቀድማል። ክዳኑ ሲነሣ ውስጡ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አቧራው የሚከማቸው በፋኑና በክንፎቹ መካከል ስለሆነ ፋኑን ፈትቶ ማንሣት ግድ ነው። ያን ጊዜ የክንፎቹን አፍ ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ በጣት ተይዞ የሚላቀቅ ግራጫ ንጣፍ ይገኛል። የላይኛውን በእጅ አንሥቶ ቀሪውን ከመውጫው ወደ ውስጥ፣ ማለትም አየሩ ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ በእጅ ብሎወር መንፋት ይበቃል። ፋኑን ሲነፉ በጣት ወይም በቀጭን እንጨት ካልያዙት ከልኩ በላይ ዞሮ ኩሽኔታው ይጎዳል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ቅርብና ርካሽ ቢሆንም ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ አየሩም ውኃና ዘይት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አልመክረውም። ዕጣን በሚጨስበትና ቡና በሚቆላበት ክፍል የቆየ ማሽን ላይ አቧራው ስለሚጣበቅ በንፋስ ብቻ አይለቅም፤ በአልኮል በረጠበ ለስላሳ ብሩሽ አጽድቶ ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለሁለተኛው ሂት ሲንኩን ማንሣት፣ የደረቀውን ቅባት በአልኮል መጥረግ፣ በፕሮሰሰሩ መካከል ከሽምብራ ፍሬ ያነሰ አዲስ ቅባት ማድረግና ብሎኖቹን ፊት ለፊት ባሉት ጥንዶች እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ ነው። ቅባት መብዛቱ አይጠቅምም።

ፋኑ ይንኳኳል ወይም ይፋጫል

የፋኑን ክንፍ የሚነካ ሽቦ ካለ ማራቅ ነው። ከሌለ ኩሽኔታው አልቋልና ፋኑ ይቀየራል። ዘይት ጠብ ማድረግ ድምፁን ለጊዜው ያጠፋዋል እንጂ አያድነውም።

ከጽዳት በኋላም ይሞቃል

አቀማመጡን መመርመር ይገባል። በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ፣ የአየር መግቢያው ከግድግዳ ጋር የተለጠፈ፣ ወይም ለጌጥ ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። በመግቢያውና በመውጫው በኩል አሥር ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ መተውና ከወለል ከፍ ማድረግ አቧራውንም ይቀንሳል።

በድንገት ይጠፋል ወይም እጅግ ይዘገያል

ሁልጊዜ ከባድ ሥራ ላይ እያለ፣ ሙቀቱ ከጨመረ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትን መጠርጠር ተገቢ ነው። በማናቸውም ሰዓት፣ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሆኖ እያለ ከጠፋ ግን መብራቱን፣ ማከፋፈያውንና አዳፕተሩን መመልከት ይሻላል። ዊንዶውስ የሚመዘግበው “ከርነል ፓወር 41” የሚባል መልእክት ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ስለሚገልጽ ሁለቱን አይለይም። ሳይሞቅ የሚዘገይ የዴል ማሽን ካጋጠመም አዳፕተሩ መታወቁን በባዮስ ውስጥ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ የማያውቀው አዳፕተር ሲሰካበት የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ጽዳትም ሆነ አዲስ ቅባት አያስተካክለውም።