ይሄ ቱቦ ከየት ወዴት ነው? የአሮጌ አውሮፕላን ሞተር ሞዴል ስንሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ሞዴል አውሮፕላን የምንሠራ ሰዎች ብዙ አይደለንም። ያለነው ግን አንድ የጋራ በሽታ አለብን። ክንፉን ገጥመን፣ አካሉን ቀብተን፣ ሞተሩ ጋ ስንደርስ «ትንሽ ሽቦ ልጨምርበት» የሚል ሐሳብ ይመጣብናል። ሐሳቡስ ጥሩ ነው። ከኪቱ፣ ማለትም ከተገጣጣሚ ክፍሎቹ ሳጥን፣ ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ ሞተር ባዶ ነው፤ ሲሊንደር አለው፣ ካንዴላ የለውም። ካንዴላ ቢኖረው ገመድ የለውም። ችግሩ ያለው አጨማመሩ ላይ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ። አንዳንዱ ሰፊ ወሬ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል።

ሞተሩን ሳያውቁ ሽቦ መሰካት

ዋናው ይሄ ነው፤ ግማሹ ስህተት የሚወለደው ከዚህ ነው። ሰው ሽቦ ያገኛል፣ ወረንጦ ያነሳል፣ ክፍት ቦታ ባየበት ሁሉ ይሰካል። እውነተኛ ሞተር ላይ ግን እያንዳንዱ ቱቦ ሥራ አለው። ቤንዚን፣ ዘይት፣ አየር ወይም ኤሌክትሪክ ይዞ ከአንድ ቦታ ይነሳል፣ አንድ ቦታ ይገባል።

ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አንድ ወጣት ሞተሩን በሳጥን ይዞ መጣ። አጠገባችን አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«እጅህ ጎበዝ ነው። ይሄ ቱቦ ግን ከየት ተነስቶ የት ይገባል?»

«ጋሼ፣ እሱ ለማሳመር ነው።»

«ሞተር ላይ ለማሳመር የሚባል ቱቦ አይቼ አላውቅም።»

ልጁ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። እያንዳንዱን ሽቦ ከመስካታችሁ በፊት ጠይቁት።

መልሱ የሚጀምረው የሞተሩን ዓይነት ከማወቅ ነው። ከፊት ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ክብ ሞተሮች አሉ፤ ሮተሪ እና ራዲያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የነበረው ሮተሪ ነው። የዚህ ሞተር ጠባይ ለየት ይላል። ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የተያያዙበት መሐለኛው ዘንግ፣ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ታስሮ ይቆማል፣ ሲሊንደሮቹ በሙሉ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። ስለዚህ ሮተሪ ላይ የጭስ ማውጫ ቱቦ መግጠም ዓይን ያወጣ ስህተት ነው። የሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ቱቦው በምን ይያዛል? ጭሱ ከሲሊንደሩ ራስ ላይ በቀጥታ ይወጣል፣ በቃ።

ሮተሪዎቹ ራሳቸውም አንድ ዓይነት አይደሉም። ለ ሮን የተባለው የፈረንሳይ ሞተር የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ ራስ የሚወስዱ 9 የመዳብ ቱቦዎች አሉት። ውበቱም እነሱ ናቸው። ሁለቱን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ አንድ ዘንግ ነው፤ ሲገፋ አንዱን፣ ሲስብ ሌላውን ይከፍታል። ግኖም ሞኖሱፓፕ የተባለው ግን ከውጭ የሚታይ ቱቦ የለውም። ድብልቁ የሚገባው በሲሊንደሩ ግድግዳ ታችኛው ክፍል ባሉ ቀዳዳዎች ነው። የለ ሮንን ቱቦ አይቶ ግኖም ላይ የሰካ ሰው፣ ሥራው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ የሌለ ሞተር ሠርቷል።

ራዲያል ላይ ሲሊንደሮቹ ይቆማሉ፣ ክራንክሻፍቱ ይዞራል። የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ጭሱን የሚሰበስብ ቀለበት፣ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት የቫልቭ ዘንግ የምታገኙት እዚህ ነው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። እንደ ሮተሪው ሁሉ፣ በአንድ ረድፍ ያሉት ሲሊንደሮች ቁጥር ጎዶሎ ነው፤ ለምሳሌ 5፣ 7 ወይም 9። አራት ምት ያለው ሞተር ሲሊንደሮቹን አንዱን እየዘለለ ነው የሚያቃጥለው፤ ዙሩ ሳይዛነፍ እንዲሄድ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት።

ይሄን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። «ፀሐይ»ን ልሥራ የሚል ሰው በዝቷል፤ ደስ ይላል። ፀሐይ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች፣ ጣሊያን ወስዷት በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ የተመለሰችው አውሮፕላን ናት። ሞተሯ የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ የሆነው ዋልተር ቬኑስ ነው፤ 7 ሲሊንደር፣ 115 የፈረስ ጉልበት። ከሌላ ኪት የተረፈ ባለ 9 ሲሊንደር ሞተር አፍንጫዋ ላይ ለጥፎ ሽቦ በሽቦ ማድረግ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ሰባት ሲሊንደር ቁጠሩ።

«አውሮፕላኑን አውቀዋለሁ» ብሎ ሞተሩን መገመት

ፖቴዝ 25ን እንውሰድ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው፣ የአገራችን የመጀመሪያ አውሮፕላን ነው። ፖቴዝ 25 ግን ከአንድ በላይ በሆነ ሞተር ነው የተመረተው። አንዱ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 12 ሲሊንደሮቹ በሦስት ረድፍ የቆሙ ሎሬይን ነው። ሌላው በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 9 ሲሊንደር ያለው ክብ ጁፒተር። በመልክ አይገናኙም። ስለዚህ ፎቶ ስትፈልጉ የአውሮፕላኑን ስም ብቻ አትጻፉ። የምትሠሩትን የዚያኑን አውሮፕላን አፍንጫ ፈልጉ፣ ቀጥሎ የሞተሩን ስም። ሙዚየም ውስጥ ያለ ሞተር ፎቶም አንዳንዴ ያሳስታል፤ ለዕይታ ሲባል ተወልውሏል፣ አንዳንድ ነገሩም ተነቅሏል።

ወፍራም ሽቦ

ከሩቅ የሚታወቅ ስህተት ነው። ሞተሩ ላይ ስፓጌቲ የተደፋበት ይመስላል። መድኃኒቱ ማካፈል ብቻ ነው። የካንዴላ ገመድ በእውኑ 7 ሚሊሜትር ውፍረት አለው እንበል። በ1፡32፣ ማለትም ከእውነተኛው 32 ጊዜ ባነሰ ሞዴል፣ ሲሆን 0.22 ሚሊሜትር፣ በ1፡48 ሲሆን 0.15፣ በ1፡72 ደግሞ 0.1 ይሆናል። ቤት ውስጥ የተገኘ የመብራት ገመድ ቆዳው ተገፎ እንኳ ለዚህ አይሆንም፤ ከውስጡ አንዷን ቀጭን ክር መዛችሁ ለኩት።

ሮተሪ ላይ ጭራሽ ይብሳል። የእነዚያ ሞተሮች የካንዴላ ሽቦ ባብዛኛው ምንም ያልለበሰ ቀጭን የነሐስ ሽቦ ነበር። ጥቁር ጎማ የለበሰ ገመድ ማስመሰል እዚያ ቦታ የለውም። ባገኛችሁት በጣም ቀጭን ሽቦ ሥሩ፣ ቀለሙንም አትንኩት።

በኋላ የመጡት ራዲያሎች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። አውሮፕላን ላይ ሬዲዮ ከገባ በኋላ የካንዴላው ብልጭታ ድምፁን እንዳይረብሽ ገመዶቹ በብረት ልባስ ተሸፈኑ፤ ብዙዎቹም ሞተሩን ከሚዞር ቀለበት ቱቦ ይወጣሉ። እነዚህ ትንሽ ወፈር ቢሉ ችግር የለም።

ቀጭን ሽቦ እዚህ ከተማ አይገኝም የሚለውን ወሬ አልቀበልም። ታይዋን ገበያ ሞባይል ጠጋኞቹ ጋ ሂዱ። ለቦርድ መጠገኛ የሚጠቀሙበት 0.1 ሚሊሜትር ጃምፐር ሽቦ አላቸው። የተበላሸ ኤርፎን ገመድ ውስጥም ቀይ፣ አረንጓዴና የመዳብ ቀለም ያላቸው ስስ ክሮች ታገኛላችሁ። የተቃጠለ ቬንትሌተር ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች ደግሞ በየውፍረቱ መዳብ አላቸው፤ ቁርጥራጩን ዝም ብለው ይሰጧችኋል።

የተጨማደደ ሽቦ፣ የሚላጥ ቀለም

ከጥቅልል የወጣ ሽቦ ሁሌም ጠማማ ነው። በጣት ለማቅናት አትሞክሩ። በሁለት መስታወት መሐል አድርጋችሁ አንከባሉት፣ እንደ መርፌ ይቃናል። መዳቡ እልኸኛ ከሆነ በላይተር አንድ ጊዜ አሙቁት፣ ይለሰልሳል። ማሞቁ ሌላም ጥቅም አለው። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ሽቦ ቫርኒሽ የለበሰ ስለሆነ ቀለም አይዝም። እሳቱ ቫርኒሹን ያነሳዋል፣ ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ሳብ ማድረግ ነው። ጭሱ ስለሚሸት ግን ደጅ ወጥታችሁ አድርጉት።

የብየዳ እርሳስም ለማጠፍ ይመቻል። በሱ ከሠራችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ጫት አትቃሙ፣ እንጀራም አትቁረሱ። እርሳስ መርዝ ነው።

ቀዳዳ ሳይበሱ መለጠፍ

ሽቦን ፕላስቲክ ላይ በሙጫ ብቻ ያስቀመጠ ሰው በሳምንቱ ወለል ላይ ይለቅመዋል። ትንሽም ብትሆን ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ የ0.3 ሚሊሜትር ትራፓኖ ጫፍ በእጅ እየተሽከረከረ ይበቃል። በኤሌክትሪክ አትብሱ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ለካንዴላው መቀመጫ የኢንሱሊን መርፌን የሚያህል የለም። ከፋርማሲ አዲሱን ግዙ፤ ያገለገለ መርፌ እንዳትነኩ። በመቀስ ከቆረጣችሁት አፉ ይጨፈለቃል። በሞረድ ጠርዝ እየተንከባለለ ዙሪያውን ሲጫር ራሱ ይሰበራል። 1 ሚሊሜትር ያህሏን ቀዳዳው ውስጥ ትከሉ፣ ሽቦውን በውስጧ አስገቡ። ከፊት ሲታይ የካንዴላ ቅርጽ ይዞ ቁጭ ይላል።

የሱፐር ግሉ ጎርፍ

ከቱቦው በቀጥታ አታንጠባጥቡ። ቆርቆሮ ላይ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ በመርፌ ጫፍ ውሰዱ። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው። ድሬ በደረቁ ወራት እርጥበቱ ትንሽ ስለሆነ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ሰው አልያዘም ብሎ ይጨምራል፣ ከዚያ ጉድ ይፈላል። አትጨምሩ፣ በአፋችሁ እፍ በሉበት። ሥራው ገና ሳይደርቅ ሳጥን ውስጥ ከተዘጋበትም ነጭ ጉም ይለብሳል። ቱቦውን ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት፤ የኛ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ሁሉንም ብር መቀባት

የኪቱ ወረቀት «ብር» ይላል፣ እኛም እንቀባለን። እውነተኛው ሞተር ግን ከብዙ ብረት የተሠራ ነው። የግኖም ሲሊንደር ከድፍን ብረት ተጠርቦ የወጣ ስለሆነ ጠቆር ያለ የብረት መልክ አለው። የአሜሪካኖቹ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሮች ደግሞ መሐላቸው ግራጫ ቀለም የተቀባ ነው፤ የሲሊንደሩ ራስ አሉሚኒየም ነው፣ ታችኛው በርሜል ጠቆር ይላል።

ርካሽ ዘዴ ልንገራችሁ። ሲሊንደሩን ደብዛዛ ጥቁር ቀቡት። ሲደርቅ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጣታችሁ አሹበት። ሲሊንደሩን የከበቡት ስስ ማቀዝቀዣ ቅጠሎች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ያብረቀርቃል፣ መሐሉ ጨለማ ይቀራል። ከየትኛውም ውድ ቀለም እኔ ይሄን እመርጣለሁ። የለ ሮንን ቱቦዎች ደግሞ በእውነተኛ መዳብ ሽቦ ከሠራችሁ አትቀቧቸው። እሳት አስነክታችሁ ተዉት፤ የድሮ አምስት ሳንቲም መልክ ይይዛል።

ጥቁር እድፍ በየቦታው

የሮተሪ ሞተሮች ማለስለሻ የጉሎ ዘይት ነበር። ዘይቱ አንዴ ካለፈ አይመለስም፣ ወደ ውጭ ይረጫል። ስለዚህ እድፉ ቡናማ፣ ወዛም ነው፤ የሚገኘውም ሞተሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ከኮፈኑ በታችና በሆዱ በኩል ነው። ራዲያል ላይ ግን ዘይቱ በስበት ወደታች ስለሚወርድ እድፉ የታችኞቹ ሲሊንደሮች ላይ ይበዛል። ላይኛው ሲሊንደር ከታችኛው እኩል የቆሸሸበት ሞዴል ዘይት ወዴት እንደሚፈስ አያውቅም።

ለማቅጠኛ አኳራጅ ይሻላል፤ የሰዓሊ ዘይት ቀለም ጠብ አድርጋችሁበት በቅጠሎቹ መሐል አፍስሱ። የመኪና ቀለም ቲነር ግን ፕላስቲኩን ይበላዋል።

የድሬን ፀሐይ መርሳት

ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ፣ አክሪሊክ ቀለም ከኤርብረሹ (ቀለም በአየር ከሚረጨው መሣሪያ) ወጥቶ ሞተሩ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቃል። የሚያርፈው ዱቄት ነው። ደቃቁ ቅርጽ ሁሉ በዚያ ይሸፈናል። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ቀቡ። ቀለሙን ከወትሮው አቅጥኑት፣ መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽም ጨምሩበት። ቬንትሌተሩን አጥፉ። እያላባችሁም ቢሆን አጥፉት፤ ከደቻቱ ወንዝ የመጣውን አሸዋ እርጥብ ቀለም ላይ የሚያራግበው እሱ ነው።

ኮፈኑን መጨረሻ ላይ መሞከር

ይሄ ሰው ያስለቅሳል። ሽቦው ሁሉ አልቆ፣ ተቀብቶ፣ ኮፈኑ አልገባም ይላል። እያንዳንዷ ካንዴላ ሞተሩን በግማሽ ሚሊሜትር ታሰፋዋለች። የፕላስቲክ ኮፈን ግድግዳ ደግሞ ከእውነተኛው ቆርቆሮ እጅግ ይወፍራል። ሽቦ ከመጀመራችሁ በፊት ኮፈኑን ከውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት፣ ብርሃን ላይ ሲይዙት የጣታችሁ ጥላ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ በየሁለት ሲሊንደሩ እየገጠማችሁ ሞክሩ።

በዚያው የማይታየውንም ለዩ። ሽማግሌዎቻችን ዳኮታ የሚሉት ዲሲ-3 ሁለት ሞተር አለው። ትዊን ዋስፕ የሚባለው የአንዱ ሞተር ሲሊንደር 14 ነው፣ በሁለት ረድፍ ሰባት ሰባት። ለእያንዳንዱ ሁለት ካንዴላ አለ፤ ለሁለቱ ሞተር 56 ገመድ ማለት ነው። ኮፈኑ ሲገጠም ከኋላው ረድፍ የሚታየው እዚህም እዚያም ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው። በ1፡72 የምትሠሩ ከሆነ የፊቱን ረድፍ የፊት ገመዶች፣ ማለትም ለአንድ ሞተር ሰባቱን ሠርታችሁ የኋላውን ጥቁር ቀብታችሁ እለፉ። ኮፈኑን ከፍቶ የሚያሳይ ሞዴል ከሆነ ብቻ ነው ሌላውን መጀመር ያለባችሁ።